ባርኮዱ ፋብሪካውን አይናገርም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሱፐርማርኬቶች በራሳቸው ስም አሳሽገው የሚሸጡት ምግብ የት እንደተመረተ ለማወቅ «የባርኮዱን የመጀመሪያ ሦስት ቁጥሮች እዩ» የሚል ምክር ከስልክ ስልክ ይዞራል። ስህተት ነው። ቁጥሮቹ የሚያሳዩት የባርኮዱ ባለቤት ባርኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ድርጅት በጂኤስ ዋን (GS1) የየትኛው አገር ጽሕፈት ቤት እንደተመዘገበ ብቻ ነው። ከ400 እስከ 440 ባለው ቁጥር ሲጀምር ድርጅቱ የተመዘገበው ጀርመን ነው፤ ምግቡ ግን ፖላንድ ወይም ቱርክ ተመርቶ ሊሆን ይችላል። በመደብር ብራንድ ላይ ደግሞ ባርኮዱ ብዙውን ጊዜ የመደብሩ እንጂ የአምራቹ አይደለም። 13 አሃዝ ኖሯቸው በ2 የሚጀምሩትማ፣ ተመዝኖ እንደሚሸጥ ሥጋና አይብ ላለው ብዙውን ጊዜ መደብሩ ራሱ የሚያወጣቸው ናቸው።

መታየት ያለበት የፋብሪካው የፈቃድ ቁጥር ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚመረት ወተት፣ አይብ፣ ሥጋና ዓሣ ላይ ትንሽ ሞላላ ምልክት አለች፤ ከላይ የአገሩ መለያ ፊደላት፣ መሐል ላይ ቁጥሩ፣ ከታች የኅብረቱ ምህጻረ ቃል። ቁጥሩን የዚያ አገር የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ሲፈልጉት የፋብሪካው ስምና አድራሻ ይገኛል። ፊደላቱን ትቶ ቁጥሩን ብቻ መፈለግ ያሳስታል፤ ያው ቁጥር በሌላ አገርም ሊኖር ይችላል፤ ጀርመን ውስጥ ደግሞ የክፍለ ግዛቱ ፊደላትም ይጨመራሉ። አሜሪካ ውስጥ የሥጋ ፋብሪካ ቁጥር በግብርና መሥሪያ ቤቱ ክብ ማኅተም ውስጥ ወይም ከቀኑ አጠገብ ይታተማል፤ ዶሮ ከሆነ ከፊቱ «ፒ» ፊደል ይኖራል። እዚያው አሜሪካ በወተት ማሸጊያ ላይ የሚታተመው የፋብሪካ ኮድ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ግዛቱን ያመለክታሉ፦ 06 ካሊፎርኒያ፣ 55 ዊስኮንሲን።

አንድ ወጥመድ አለ። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ምግቡን በመጨረሻ የያዘውን ፋብሪካ ነው የሚያሳየው። ተቆርጦ የታሸገ አይብ ላይ ያለው ቁጥር የቆራጩ ሊሆን ይችላል፤ አይቡን የሠራው ሌላ፣ ምናልባትም ሌላ አገር ያለ ነው።

ዱቄት፣ ፓስታና የቆርቆሮ ቲማቲም ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ብዙውን ጊዜ አይገኝም፤ ሥራው ወደ ግምት ይወርዳል። «አከፋፋይ» ወይም «ለእገሌ የተመረተ» የሚል ጽሑፍ ካለ ስሙ የአምራቹ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ የታወቀ ብራንድ አጠገቡ አስቀምጦ የንጥረ ነገሮቹን ቅደም ተከተል፣ በ100 ግራም ያለውን የጨውና የስብ መጠን፣ የባች ኮዱን፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተውን የሚለየውን ቁጥር፣ አጻጻፍ (ቀን ይቀድማል? ሰዓት አለው? የማምረቻ መስመር ፊደል አለው?) ማነጻጸር ነው። ሁሉም ከገጠሙ ሁለቱ ከአንድ ፋብሪካ ወጥተዋል የሚለው ጥርጣሬ ጥሩ መሠረት አለው። የጠርሙሱ ቅርጽና ከሥሩ ያለው ቁጥር ግን ምንም አይረዱም፤ ቁጥሩ የጠርሙስ ሠሪው የሞልድ (የቅርጽ ማውጫ) ቁጥር ነው፣ ያንኑ ጠርሙስ ለብዙ ደንበኛ ይሸጣል።

ከሁሉ የሚሻለው ምንጭ ምግብ ከገበያ እንዲሰበሰብ የሚወጣ ማስታወቂያ ነው። አንድ ፋብሪካ ችግር ሲገጥመው እዚያ የታሸጉት የተለያዩ ብራንዶች በአንድ ዝርዝር ይወጣሉ፤ በሌላ ጊዜ በውል ምስጢር የተያዘው ሁሉ በግልጽ ይነበባል።

ፋብሪካው አንድ ሆነ ማለት ግን ምግቡ አንድ ነው ማለት አይደለም። መደብሩ የራሱን ቀመር ሊያዝ ይችላል፤ ያው መስመር ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን ያሽጋል። አቅራቢም ይቀየራል፤ አንዳንዴ ሁለት አቅራቢ በአንድ ጊዜ ይሠራል፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ያሉ ሁለት ተመሳሳይ ፓኬቶችም የተለያየ ቁጥር ይዘው ይገኛሉ። ስለዚህ ቁጥሩ በእጅ ላለው ፓኬት ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ከሰላምታ ጋር፣
የምግብ ጥራት ቁጥጥር ባለሙያ