ማልቦንን በአንድ መስመር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ቀደምት አሜሪካውያን ሠዓሊዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩ። ቅር ያለኝ ኤድዋርድ ግሪን ማልቦንን በአንድ መስመር ማለፋችሁ ነው። ሰውዬው በ1777 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ ተወለደ፤ በ17 ዓመቱ ፕሮቪደንስ ሄዶ በሥዕል መተዳደር ጀመረ። ከዚያ ቦስተን፣ ኒው ዮርክ፣ ፊላደልፊያ፣ ቻርለስተን፤ ደንበኛ ወዳለበት ሁሉ ቀለሙን ይዞ ተጉዟል።

የሚሥላቸው ፊቶች መዳፍ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። በስስ የዝሆን ጥርስ ላይ፣ በውኃ ቀለም፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮችን እያጠላለፈ ያወጣቸዋል። ቀለሙን ስለሚያሳሳው የጉንጩ ብርሃን ከዝሆን ጥርሱ ከራሱ የፈለቀ ይመስላል። እጁ የከበደ ሠዓሊ ይህን አያገኘውም። በ1801 ለንደን ሳለ የሠራው «ሰዓታቱ» የተሰኘው ሥዕል ያለፈውን፣ የአሁኑንና የሚመጣውን ጊዜ በሦስት ሴቶች ያሳያል፤ በፕሮቪደንስ አቴኔየም (በዚያው ከተማ ያለ ቤተ መጻሕፍት ነው) እጅ የገባውም ኋላ ነው። ለመሆኑ ታላቅ ሥራ የግድ ግድግዳ መሙላት አለበት ያለው ማን ነው?

ማልቦን በ1807 በጆርጂያዋ ሳቫና ከተማ ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት 29 ዓመቱ ነበር። በሚቀጥለው እትም ቢያንስ አንድ ሥዕሉን፣ ሳታጎሉ በትክክለኛ መጠኑ፣ ብታትሙልን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ