«በጊዜያዊነት» ያልነው ሁሉ እስከ መቼ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩት ለሌላ ሰው ነው። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የኪራይ ውል፣ አቤቱታ፤ ሒሳቡ በገጽ ነው። ይኼኛው የራሴ ስለሆነ የሚከፍለኝ የለም። ረዘም ቢል ታገሡኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት አጠገብ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ የላሚኔሽን ማሽን። ጎን ለጎን ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። የምጽፍላችሁ ከዚያች የላሚኔሽን ማሽን በወጣ አንድ ወረቀት ምክንያት ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ዓርብ ነበር። ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የእኔ ገበያ ተማሪና አስተማሪ ነው፤ በአንድ ቀን ጭር አለ። ልዘጋ ስሰናዳ ግን ያላሰብኩት ሥራ መጣ። ባንኩም፣ ፋርማሲውም፣ ሱቁም ማስታወቂያ ፈለገ። «ርቀትዎን ይጠብቁ።» «ያለ ማስክ መግባት ክልክል ነው።» «እጅዎን ሳይታጠቡ አይግቡ።» የነበረኝን የላሚኔሽን ፕላስቲክ ጨርሼ ከጎረቤት እስከ መበደር ደረስኩ። ሰው ሥራ ባጣበት ሰሞን የበሽታው ማስታወቂያ እኔን አበላኝ። ደስ አይልም፤ ግን እውነት ነው።

ከእነዚያ ማስታወቂያዎች አንዱ ሰፈራችን ካለ አንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ነበር። ስሙን እተወዋለሁ። ይዘውት የመጡት የጥበቃ ሠራተኛው ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። በእጅ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «በኮቪድ-19 ምክንያት በጊዜያዊነት ባለጉዳይ የምናስተናግደው በመስኮት ብቻ መሆኑን እናሳውቃለን።» እየተየብኩ ሳለ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩና «ልጄ፣ ‹በጊዜያዊነት› የምትለዋን ደመቅ አድርጊያት፤ ሰው እንዳይከፋው» አሉኝ። ፊደሉን አወፈርኩት። አተምኩት። ላሚኔት አድርጌ ሰጠኋቸው።

ባለፈው ሳምንት ለራሴ ጉዳይ እዚያው ሄድኩ። ሐምሌ 2014 ላይ ነን። ማስታወቂያው መስኮቱ ላይ አለ። ጠርዙ እንኳ አልተላጠም። መቼም በእጄ ሥራ አላፍርም! ከመስኮቱ ወዲያ ስድስት ሠራተኞች አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ማስክ ያደረገ አንድም የለም። ያድርጉ ማለቴ አይደለም፤ ታክሲ ውስጥም፣ ገበያም፣ ለቅሶ ቤትም ማንም ካወለቀ ቆይቷል። እኛ ሠላሳ የምንሆን ባለጉዳዮች ደግሞ ውጭ፣ ዝናብ ላይ፣ አንድ ጠባብ ጣሪያ ሥር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀናል። ርቀቱን የጠበቀው መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው።

ቆሜ ስጠብቅ ወረቀቴን ደጋግሜ አነበብኩት። ቀን የለውም። ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ አልተጻፈም። ስተይበውም አልጠየቅኩም። ወረርሽኙ እየለቀቀን ሳለ በስሙ የገባው ነገር አልወጣ ያለን ለዚህ ይመስለኛል። ሲገባ ቀን አልተቆረጠለትማ።

ቀን የተቆረጠለትስ? መጋቢት 30 ቀን 2012 የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አስታውሱ። አምስት ወር ተባለ። ከባድ ነበር። ታክሲ በግማሽ ይጭናል፣ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ከብዙ ሰው ጋር መሰብሰብ ቀረ። የቤት አከራይ ግን ተከራይ ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም አይችልም ተባለ፤ እኔ በዚህች አንቀጽ ብዙ ሌሊት በሰላም ተኝቻለሁ። ዓመቱ ሳይለወጥ አምስት ወሩ አለቀ፣ አዋጁም አበቃ። ሰው አጉረመረመ እንጂ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ አልጠየቀም። ወረቀቱ ላይ ነበራ።

የሱቄ አከራይም እንደዚሁ ናቸው። የንግድ ቤት ስለሆነ ማንም አላስገደዳቸውም። ራሳቸው መጥተው «ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ግማሹን ክፈይ» አሉኝና በኪሳቸው ማስታወሻ ጻፉት። ሐምሌ አንድ ቀን ሙሉውን ከፈልኩ። ዘንድሮ ጭማሪ ጠየቁኝ፣ ተጨቃጨቅን፣ መሐል ላይ ተስማማን። ቂም ግን የለንም። ጋሼ ያሉትን ቀን አክብረዋል፤ እኔም እንዲሁ።

ምርጫውን ደግሞ እንይ። ነሐሴ 2012 ሊደረግ የነበረው ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት እንደማይካሄድ ቦርዱ መጋቢት 22 አሳወቀ። ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምክር ቤቶቹና የመንግሥት የሥራ ዘመን እንዲራዘም ወሰነ። እስከ መቼ? ወረርሽኙ ለሕዝብ ጤና ስጋት አለመሆኑ ተረጋግጦ፣ ከዚያ በኋላ ከ9 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ምርጫ እስኪደረግ። ቀን ይመስላል፤ ግን ቀን አይደለም። አንድ ሰው «ስጋቱ አብቅቷል» እስኪል የሚንሳፈፍ ነገር ነው። በዚያ ሰሞን የእኔ ሱቅ እንኳ በዚህ ጉዳይ ስንቱን አጣላ! ትግራይ ጳጉሜ ላይ የራሷን ምርጫ አካሄደች። ጥቅምት 2013 ጦርነት ተነሳ። ጦርነቱ ከዚያች ሐረግ ነው የመጣው አልልም፤ እኔ የፖለቲካ ሰው አይደለሁም፣ ቁርሾውም ከኮሮና ቀድሞ የነበረ ነው። ግን ቀን ያልተቆረጠለት ነገር እርስ በርስ ለተጠራጠሩ ሰዎች ምን ያህል ክፍተት እንደሚተው አየን።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫው ሲደርስ ማስክ አድርጌ ተሰለፍኩ። ድምፅ መስጫው እስከ ማታ 3 ሰዓት ተራዘመ። እኔ ቀን ላይ ነው የመረጥኩት፤ ማታ ወንድሜ ገና ሰልፍ ላይ ነበር። ውጤቱ ሲነገር ገዢው ፓርቲ ከ436 መቀመጫ 410ሩን ወሰደ። ይህን የማነሳው ለወቀሳ አይደለም። «እስከ መቼ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከየት ይምጣ የሚለው ስላሳሰበኝ ነው። 410 ሰው ያለው ወገን ራሱ ካልጠየቀ ማን ይጠይቅ?

አሁን ወደ ኪሳችን ልምጣ። እዚህ ላይ ከራሴ ነው የምጀምረው፤ እኔም ጥፋተኛ ነኝና።

በ2012 አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ 1 ብር ነበር። ወረቀት ከውጭ ይመጣል፣ ቶነርም ከውጭ ይመጣል፣ ሁለቱም በዶላር ናቸው። ያኔ አንድ ዶላር በባንክ 32 ብር ግድም ነበር። ዛሬ ከ50 አልፏል፤ የጥቁር ገበያውን አታንሱብኝ። አንድ ደስጣ ወረቀት የምገዛበት ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እናም አምና አንድ ማስታወቂያ ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩ፦ «በወረቀት ዋጋ መናር ምክንያት በጊዜያዊነት ኮፒ 2 ብር።» አዎ፣ በጊዜያዊነት። ልማድ ሆኖብኝ ይሁን እንዳይከፋቸው ብዬ አላውቅም። በቀደም ለሞዴል ፈተና ወረቀት ልታባዛ የመጣች የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከሥሩ ቆማ አነበበችውና «እትዬ፣ መቼ ነው ወደ ብር የሚመለሰው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። አይመለስም። እኔም ስለጥፈው አውቄዋለሁ። ማታ ስዘጋ ቀድጄ ጣልኩትና «ኮፒ 2 ብር» ብቻ ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቀለል አለኝ። ሰው ዋጋው ውድ ነው ቢለኝ ይሻላል፤ ውሸታም ከሚለኝ።

ምክንያቶቹን አልክድም። ኮሮናው እውነት ነው፤ በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገበው ሞት ብቻ ከ7,500 በላይ ነው። ጦርነቱ እውነት ነው፤ ከመጋቢት ወዲህ ግጭት ቆሟል ቢባልም የፈረሰው ገና አልተጠገነም። የዩክሬኑም ጦርነት ስንዴውንና ዘይቱን ነክቷል። ነገር ግን ምክንያት ይመጣል እንጂ አይሄድም። አንዱ ሳይወርድ ሌላው ይጫንበታል። አምስት ሊትር ዘይት በመጋቢት ወደ 1,000 ብር ሲጠጋ አንዱ ነጋዴ በኮሮና፣ ሌላው በጦርነቱ፣ ሦስተኛው በዶላር እጥረት አመካኘልኝ። ሦስቱም አንድ ገበያ ውስጥ ናቸው፤ የዘይቱም ብራንድ አንድ ነው። የዋጋ ግሽበቱ ዓመቱን ሙሉ ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ከርሟል። ለዚህ በመቶኛ አያስፈልገኝም፤ የዱቤ መዝገቤ ይበቃኛል። ድሮ ወር ሲሞላ ይዘጋ የነበረ ስም አሁን ሦስት ወር ይተኛል።

በ2012 መንግሥት ለንግዱ ያደረገውም አይረሳም። እስከ 2007 ዓ.ም. የነበረ የግብር ዕዳ ተሰርዟል። ሥራቸው ተቋርጦ ለሠራተኛ ደመወዝ መክፈል ለቀጠሉ ድርጅቶች የአራት ወር የደመወዝ ግብር ተትቶላቸዋል። እኔ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የምከፍል የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ነኝ። ዕዳ ስላልነበረብኝ የተሰረዘልኝ የለም። በጊዜ መክፈል አንዳንዴ ሞኝ ያደርጋል ብዬ አንድ ቀን ተበሳጭቻለሁ፤ ከዚያ ተውኩት። ዘንድሮም ከፍያለሁ።

ካለፉት ሳምንታት ውሳኔዎች፣ ትስቁብኝ ይሆናል፣ የነዳጁ አካሄድ ደስ ብሎኛል። ዋጋው አይደለም! ከሰኔ 29 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሲገባ ማን ይደሰታል? ግን መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እንደሚያነሳ አስቀድሞ ተናገረ። የሚጀምርበትን ቀን ተናገረ። ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ድጎማው ለጊዜው እንደሚቀጥል ተናገረ። መጥፎ ዜና ነው፤ ግን መልክ ያለው መጥፎ ዜና ነው። ሒሳቤን ልሠራበት እችላለሁ።

የምጠይቀው ይኸው ዓይነት ነገር በሌላውም እንዲደረግ ነው። ሰኔ 30 ምክር ቤቱ 786.6 ቢሊዮን ብር በጀት አጽድቋል፤ ያለፈው ዓመት 561.7 ቢሊዮን ነበር። በዚህ ገንዘብ ውስጥ ስንት «ጊዜያዊ» ነገር አለ? የትኛው ድጎማ መቼ ያልቃል? ለዘይትና ለስንዴ አስመጪዎች የተፈቀደው እስከ ስንት ወር ነው፣ ስንት ሊትርስ ገባበት? በኮሮናው ጊዜ የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ቁጥር ይነግሩን ነበር። የተመረመረው ይኼን ያህል፣ የተያዘው ይኼን ያህል፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለው፣ ያገገመው፣ የሞተው። ሲብስም ይነገር ነበር። ሱቄ የሚመጣ ሰው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ «ዛሬ ስንት ሆነ?» ይለኝ ነበር። ቁጥሩ ያስፈራናል፣ ግን ያሉትን እናምናለን። ለዘይት ይህን ማድረግ ለቫይረስ ከማድረግ የሚከብድ አይመስለኝም። ዘይት እንኳ በዓይን ይታያል።

ወደዚያ መስኮት ልመለስና ልጨርስ። ጉዳዬ በሁለተኛው ቀን አለቀ። ልወጣ ስል የጥበቃ ሠራተኛውን አባት በር ላይ አገኘኋቸው። አስታወሱኝ። «አባቴ፣ ያን ወረቀት እንንቀለው እንጂ» አልኳቸው። ሳቁና ወደ መስኮቱ ዞር ብለው አዩት። «ልጄ፣ እኔም ስንቴ አሰብኩ። ግን ሲለጠፍ በትዕዛዝ ነው የተለጠፈው፤ ይነሳ የሚል ትዕዛዝ አልመጣም» አሉኝ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ ከሆነ ትዕዛዙን እኔ በነፃ ልተይብላቸው ዝግጁ ነኝ። ቀን አስገብቼ። ላሚኔት ግን አላደርገውም።

አክባሪያችሁ
አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 2014 ዓ.ም.