የትምህርት ቤታችንን የአስቤስቶስ ጣሪያ በጥንቃቄ ለመያዝ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በባሕር ዳር ለምትኖሩ የተማሪ ወላጆች፣ በአገር ውስጥና በውጭ ለምትገኙ የቀድሞ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ለትምህርት ቤታችን ወዳጆች ሁሉ፤

በጣና ዳርቻ የሚገኘው የልጆቻችን ትምህርት ቤት ነባር ብሎኮች የተከደኑት ዛሬ በየሱቁ በምናገኘው ቆርቆሮ አይደለም። የተሠሩበት ዘመንና የክዳኑ መልክ እንደሚያመለክቱት፣ ሲሚንቶና አስቤስቶስ የተባለው ማዕድን ክር ተደባልቆ በተሠራ ወፍራም፣ ግራጫና ሞገዳማ ክዳን ነው። ባለፈው ክረምት የወረደው በረዶና ከጎን ካለው ዛፍ የተገነጠለ ትልቅ ቅርንጫፍ በአንደኛው ብሎክ ላይ ያሉትን ክዳኖች ሰነጣጥቀዋቸዋል፤ ስባሪውም ልጆች በዕረፍት ሰዓት በሚሰባሰቡበት ጥላ ሥር ወድቆ ተገኝቷል። ይህ እንደተሰማ የሰፈሩ ወጣቶች መሰላልና መዶሻ ይዘን በአንድ ቅዳሜ እንጨርሰዋለን ብለው መጡ፤ ኮሚቴው ግን ከልብ አመስግኖ እንዲታገሡ ለመናቸው። በደቦ መሥራት ልማዳችንና ኩራታችን ሆኖ ሳለ ይህን ሥራ በደቦ ለመሥራት ለምን እምቢ እንዳልንና በምትኩ ለምን ገንዘብ እንደምንጠይቅ ማስረዳት ግዴታችን ነው።

አስቤስቶስ ሰውን የሚጎዳው ሲሰበር፣ ሲቆረጥ፣ ሲበሳ፣ ሲፋቅ ወይም በዕድሜ ብዛት ገጹ ሲፈረፈር የሚለቀው ክር ከአየር ጋር ወደ ሳንባ ሲገባ ነው። ክሩ ከሰው ፀጉር እጅግ የቀጠነ ስለሆነ በዓይን አይታይም፣ ሽታም የለውም፤ አየር ላይ ለሰዓታት ሊንሳፈፍ ይችላል፣ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የገባውንም ሰውነት በቀላሉ ማስወገድ ስለማይችል ለብዙ ዓመታት እዚያው ይቀራል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም ሁሉንም የአስቤስቶስ ዓይነቶች፣ በጣሪያ ክዳን ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ነጩን ጨምሮ፣ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡት ነገሮች ምድብ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ከሚያመጣቸው በሽታዎች መካከል የሳንባና የማንቁርት ካንሰር፣ የሳንባንና የሆድ ዕቃን ስስ ሽፋን የሚያጠቃው ሜሶቴሊዮማ የተባለው ካንሰር፣ እንዲሁም ሳንባን አጠንክሮ ትንፋሽ የሚያሳጥረው አስቤስቶሲስ ይገኙበታል። በሽታው እስኪገለጥ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ዛሬ የ7 ዓመት ልጅ የሆነ ተማሪ ገና ረጅም ዕድሜ ከፊቱ ስላለ፣ እስካሁን ከመካከላችን የታመመ ሰው አለመሰማቱ ጣሪያው ጉዳት የለውም ለማለት አያበቃም።

ይህን ስንል ግን ማንም ልጁን ከትምህርት ቤት እንዲያስቀር አንጠይቅም። በዚህ ዓይነት ክዳን ውስጥ አስቤስቶሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ሆኖ በሲሚንቶው ተይዞ የሚኖር ስለሆነ፣ ያልተሰበረና ያልተነካ ክዳን ከሥሩ ለሚማር ልጅ አደጋው ዝቅተኛ ነው። የተሰነጠቀው ብሎክ ተዘግቶ ተማሪዎቹ በፈረቃ እየተማሩ ነው፤ የወደቀው ስባሪም በውኃ ረጥቦ በድርብ ፕላስቲክ ከታሸገ በኋላ በተቆለፈ ክፍል ተቀምጧል።

ጣሪያውን ያለበሱትን አባቶቻችንን የምንወቅስበት ምክንያትም የለም። አስቤስቶስ ሲሚንቶ እሳት የማይበላው፣ የማይዝግና ርካሽ ስለነበረ በዓለም ሁሉ ተፈላጊ ነበር፤ አጠቃቀሙ ከፍተኛ ደረጃ ላይ በደረሰበት በ1977 እ.ኤ.አ. አካባቢ ዓለም በዓመት ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ይጠቀም ነበር። በእኛ ከተማ ደግሞ ሌላ መልካም ነገር ነበረው፦ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርደው ዶፍ የመምህሩ ድምፅ ከቆርቆሮ ክፍል ይልቅ በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ በደንብ ይሰማል። የዓለም የሥራ ድርጅት የአስቤስቶስን አጠቃቀም የሚመለከተውን ስምምነት ያወጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2005 እ.ኤ.አ.፣ ደቡብ አፍሪካም በ2008 እ.ኤ.አ. አግደውታል። የምሥራቅ አፍሪካዋ ሩዋንዳ ከሕዝብ ሕንፃዎችና ከመኖሪያ ቤቶች ላይ አስቤስቶስን የማንሣት አገር አቀፍ መርሐ ግብር ዘርግታ ስትሠራ ቆይታለች።

የምትለግሱት ገንዘብ በመጀመሪያ የሚውለው ዓይን ለማይሞላ ሥራ ነው፤ ይህንንም ሳንደብቅ እንናገራለን። ሙያው ያለው ሰው ግቢውን ብሎክ በብሎክ ተመልክቶ ጣሪያውን ብቻ ሳይሆን አሮጌውን ኮርኒስ፣ የጭስ ማውጫውን ቱቦ፣ የውኃ ማጠራቀሚያውንና የወለሉን ንጣፍ ጭምር ይመረምራል። አስቤስቶስን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ስለማይቻል ከጠረጠረው ሁሉ ትንሽ ናሙና አርጥቦ ወስዶ መሣሪያው ወዳለው ላቦራቶሪ ይልካል፤ ውጤቱ እስኪመጣም የተጠረጠረው ሁሉ አስቤስቶስ እንደሆነ ተቆጥሮ ይያዛል። ከዚህ የሚገኘው መዝገብ ምን የት እንዳለ፣ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝና መቼ እንደታየ ከፎቶግራፍ ጋር የሚያሳይ ሲሆን በርእሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጣል። መብራት የሚዘረጋ፣ ቧንቧ የሚጠግን ወይም ዲሽ የሚተክል ማንኛውም ባለሙያ መዝገቡን አይቶ ሳይፈርም ድሪል አያነሣም። በእኛ እምነት ከሁሉም በላይ ዘላቂ ጥቅም ያለው ይህ መዝገብ ነው፤ ባለፉት ዓመታት ለአምፖልና ለሽቦ ተብሎ በየግድግዳውና በየጣሪያው የተበሳውን ያየ ሰው ምክንያቱን ይረዳዋል።

ደኅና ሆነው የሚገኙት ክዳኖች አይነሡም፤ ምልክት ተደርጎባቸው በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ይታያሉ። የሚነሣው የተሰነጠቀው ብሎክ ጣሪያ ብቻ ነው። ጊዜውም ተማሪ በሌለበት በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት እንዲሆን ወስነናል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጣሪያ መክፈት ክፍሎቹን ለዝናብ መስጠት፣ ሠራተኛውንም በሚያዳልጥ ክዳን ላይ ማውጣት ነው። ቀን ላይ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ሳይበረታ ሥራው በማለዳ ይጀመራል። ክዳኑ ያረጀ ስለሆነ የሰውን ክብደት አይችልም፤ ስለዚህ ማንም በላዩ ሳይረግጥ፣ በስካፎልዲንግና በሳንቃ ላይ ቆሞ፣ እየረጠበ፣ ብሎኑ በእጅ መሣሪያ እየተፈታ ሠራተኛው ሙሉውን ሳይሰበር ያወርደዋል፤ ከላይ መወርወር፣ በግራይንደር መቁረጥና በደረቁ መጥረግ ፈጽሞ አይፈቀድም። የወረደው ክዳን 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ፕላስቲክ በድርብ ተጠቅልሎና ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት፣ ከከተማው አስተዳደር ጋር በመነጋገር ከሐይቁና ከረግረጉ ርቆ በሚወሰን ቦታ ይቀበራል፤ ቦታውም ወደፊት ማንም ሳያውቅ እንዳይቆፍረው በካርታ ላይ ይመዘገባል። ሠራተኞቹ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ቤታቸው አይሄዱም፤ በሌሎች አገሮች የሠራተኛን ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ሚስቶች በዚሁ በሽታ ተይዘዋል።

አሮጌውን ክዳን ለዶሮ ቤት፣ ለማድ ቤት ወይም ለአጥር፣ ስባሪውንም ለጭቃ መንገድ መደልደያ የጠየቃችሁን ጎረቤቶቻችን፣ እምቢ ያልነው ከስስት እንዳይመስላችሁ። ያ ስባሪ በመንገድ ላይ በእግርና በጋሪ እየተፈጨ በበጋ አቧራ ሆኖ የሚነሣው በእናንተው ልጆች ላይ ነው።

ከገንዘቡ ሌላ በዓይነት የምንፈልገው ኤፍኤፍፒ 3 ወይም ፒ 100 ደረጃ ያለው፣ ረቂቅ ብናኝን የሚያግድ የመተንፈሻ መከላከያ፣ አንድ ጊዜ ተለብሶ የሚጣል ሙሉ ልብስ፣ ወፍራም ፕላስቲክ፣ ለውኃ የሚሆን ሮቶ፣ ለአዲሱ ጣሪያ ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ፣ እንዲሁም የዝናቡን ድምፅ የሚያበርድ የችፑድ ኮርኒስ ነው። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ተራ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያቀረባችሁልን አላችሁ፤ አሳባችሁን እናመሰግናለን፣ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ክር አያግድም። በውጭ አገር በአስቤስቶስ ማንሣት ሥራ ላይ የሠለጠነ የቀድሞ ተማሪ ካለ፣ ሠራተኞቻችንን ለማሠልጠን የሚሰጠን ጊዜ ከብዙ ብር ይበልጥብናል።

ለማንሣቱ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እስኪሟላ ድረስ አንድም ክዳን አናወርድም፤ ግማሽ ላይ የቆመ ሥራ ካልተነካ ጣሪያ የባሰ ስለሆነ። የተሰበሰበው ካልበቃ ምርመራውንና መዝገቡን እንጨርሳለን፤ ቀሪው ገንዘብ ለሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ ሳይነካ ይቆያል። የተጫራቾች ዋጋ፣ የገቢና የወጪ ዝርዝር በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየወሩ ይለጠፋል። ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተና በሦስት ሰዎች ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ነው። የሒሳብ ቁጥሩን ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ወይም ከማስታወቂያ ሰሌዳው ብቻ ውሰዱ፤ በስልክ ወይም በሌላ መንገድ የሚደርሳችሁን ቁጥር አትመኑ። በውጭ ያላችሁ በዘመዶቻችሁ በኩል ማስገባት ትችላላችሁ። ለማንኛውም ስጦታ፣ በዓይነትም ቢሆን፣ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይሰጣል።

የትምህርት ቤቱ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ኮሚቴ
ባሕር ዳር