የመታጠቢያ ቤት ፋን ሥራን ዋጋ ሳናይ የማንናገርበት ምክንያት

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ቅዝቃዜው በበረታበት በዚህ ወቅት የመታጠቢያ ቤት አየር ማስወጫ ፋን እንድንገጥምላችሁ ወይም የቆመውን እንድንጠግንላችሁ ስትደውሉልን፣ አብዛኞቻችሁ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ዋጋውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ቤቱን ሳናይ ቁርጥ ያለ ዋጋ ከመናገር የምንቆጠበው ደንበኛን ለማጉላላት ሳይሆን፣ ለፋን ተብለን በተጠራንባቸው ብዙ ቤቶች ችግሩን ከፋኑ ውጭ ስለምናገኘው ነው። ሥራውን ለእኛ ሳይሆን በሰፈራችሁ ላለ ሌላ ባለሙያ ብትሰጡም የሚከተለው ማብራሪያ ይጠቅማችኋል።

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ በብዛት የሚያጋጥመን የጣሪያ ጉዳይ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ማታ በቦይለር ውኃ ስንታጠብ ክፍሉ በእንፋሎት ይሞላል፤ ፋኑ ይህንን እንፋሎት ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ኮርኒሱ ውስጥ ብቻ የሚገፋው ከሆነ፣ ሞቃቱ እርጥብ አየር ከቀዘቀዘው ቆርቆሮ ጋር ሲገናኝ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ጠዋት ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ምልክት ይታያል፣ ቺፕውዱ ያብጣል፣ ማዕዘኑ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል። ባለቤቱም ቆርቆሮው ያፈስሳል ብሎ ቆርቆሮ ቀያሪ ይፈልጋል፤ ጠብታ ዝናብ በሌለበት በኅዳር ወር ጣሪያ ከየት አምጥቶ እንደሚያፈስስ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እንዲህ ባለ ቤት የበለጠ ጉልበት ያለው ፋን መግጠም ጉዳቱን ያፋጥነዋል እንጂ አያቆመውም።

ስለዚህ ባለሙያችን መጀመሪያ የሚያየው ኮርኒሱ ውስጥ ገብቶ ከፋኑ አየር የሚያወጣውን ቱቦ መንገድ ነው። ቱቦው እስከ ውጭው ግድግዳ ወይም ከቆርቆሮው በላይ መድረስ አለበት፤ በግድግዳ በኩል ሲወጣ ውስጡ የሚጠራቀመው ውኃ ወደ ሞተሩ እንዳይመለስ ወደ ውጭ ትንሽ ማዘንበል ይኖርበታል፤ በብርድ ኮርኒስ ውስጥ የሚያልፈው ክፍልም ሙቀት በሚይዝ ነገር መጠቅለል አለበት። ጫፉ ላይ ፋኑ ሲነሣ የሚከፈት፣ ሲቆም የሚዘጋ ክዳን ካልተደረገ ነፋሱ በዚያው ቱቦ ወደ ቤት ይገባል። ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ነገሩ ይለወጣል፤ እዚያ ቱቦ ለብርድ አንጠቀልልም፣ የምንነጋገረው ስለ ሙቀትና ስለ አቧራ ነው። በሁለቱ ከተሞች ለሚገኙ ቤቶች አንድ ዋጋ መናገር የሚያስቸግረንም በዚህ ጭምር ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የሚገባው አየር ነው። ፋን አየር የሚያስወጣው በምትኩ የሚገባ ሲኖር ብቻ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ከተዘጋና መስኮቱም ከተቆለፈ፣ ፋኑ እየጮኸ ምንም አይሠራም። ራሳችሁ መፈተን ትችላላችሁ፦ በሩን ዘግታችሁ ፋኑን አብሩና አንድ ቅጠል ሶፍት ወደ ወንፊቱ አስጠጉ። ሶፍቱ ካልተለጠፈ በሩን በትንሹ ክፈቱት፤ ያን ጊዜ ከተለጠፈ የጎደለው የአየር መግቢያ ነው፤ ከበሩ ሥር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት መተው ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ፋኑ ሲበራ ሽታ የሚብስባቸው ቤቶችም አሉ። እነዚህ ብዙውን ጊዜ የወለሉ ማፍሰሻ ሲፎን (ሽታ የሚያግድ ውኃ የሚይዘው ጠማማ ቧንቧ) ውኃው የደረቀባቸው ናቸው፤ ፋኑ ሌላ መንገድ ሲያጣ የፍሳሽ መስመሩን አየር ይስባል። አንድ ጆግ ውኃ ማፍሰስ ለሚፈታው ችግር ዋጋ ልንጠይቅ አንፈልግም።

ስለ መጠኑ፣ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.5 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 7.5 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አየሩ በሰዓት 8 ጊዜ እንዲለወጥ ከተፈለገ 60 ሜትር ኩብ ማስወጣት ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቱቦ ሳይቀጠልበት የተለካ ነው፤ ረጅምና የተጣመመ ቱቦ ከዚያ ላይ ብዙ ይቀንሳል።

የቆመ ፋን ሁሉ የሞተ አይደለም። ድምፁ የተለወጠው አንዳንዴ ክንፉ ላይ አቧራና የሳሙና እንፋሎት ስለተጋገረ ነው፤ ያጸዱታል፣ ያበቃል። የሚያንገጫግጭ ከሆነ ኩሽኔታው አልቆ ይሆናል። እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ ግን ወዲያውኑ ይጥፋ፤ ቆሞ ኃይል የሚስብ ሞተር ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ርካሽ ፋን ከሆነ መጠገኑ ከአዲሱ ዋጋ ጋር ስለሚቀራረብ ይህንኑ በግልጽ እንነግራችኋለን።

በኤሌክትሪኩ በኩል የምታሠሩት ባለሙያ ማንም ይሁን ማን፣ ከመክፈቱ በፊት ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ ሳይሆን ብሬከሩን ማውረዱንና በቴስተር ማረጋገጡን ተመልከቱ። ማብሪያ ማጥፊያው በስህተት ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) የሚቆርጥ ሆኖ ከተዘረጋ፣ ፋኑ ጠፍቶም ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) እዚያው ስላለ ይይዛል። ሻወሩ አጠገብ የሚገጠመው ፋን ውኃ ቢረጨው የሚችል መሆኑ ካርቶኑ ላይ አይፒኤክስ 4 (IPX4) ወይም ከዚያ በላይ ተብሎ መጻፍ አለበት።

የመታጠቢያ ቤት ፋን ቤት ውስጥ ለሚቀጣጠል ከሰል መከላከያ እንዲሆን የሚጠይቁን ደንበኞችም አሉ። ይህንን ሥራ አንቀበልም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል፤ ፋኑም የከሰሉን አየር ከሳሎን ወደ መኝታ ክፍል አቅጣጫ ሊስበው ይችላል።

ቀጠሮ ስትይዙ የክፍሉን ስፋት፣ ኮርኒሱ ከምን እንደተሠራና ፎቅ ወይም ምድር ቤት መሆኑን ብትነግሩን ተገቢውን መሰላልና ቱቦ ይዘን እንመጣለን። ተከራይ ከሆናችሁ ግድግዳ ስለሚበሳ የአከራያችሁን ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቆጣሪውና ብሬከሩ ያሉበት ክፍል የሚቆለፍ ከሆነም ቁልፉን የያዘው ሰው በሰዓቱ እንዲገኝ አድርጉ።

ከሰላምታ ጋር፣

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን