ከልጄ ጎን ለቆማችሁ የአውሮራ፣ ኮሎራዶ ወጣቶችና እናቶች

ባለፈው ማክሰኞ ዳኛዋ በልጄ ላይ የቀረበውን ክስ ውድቅ አደረጉት። አምስት ወር ሙሉ እንቅልፍ ያልነበረኝ ሰው ያን ቀን እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ ከከተማችን ወጣ ብሎ፣ ፖሊሶች አስቆሙት። መሬት ላይ አስተኝተው በካቴና አሰሩት። ከዚያ «ሥራችንን አውኳል» ብለው ከሰሱት። እኔ ከማልቀስና ከመጸለይ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

እናንተ ግን ታውቁ ነበር። በፖሊሶቹ ላይ ያቀረብነውን አቤቱታ አብራችሁኝ ቁጭ ብላችሁ ጻፋችሁ። በነጻ የሚቆምልን ጠበቃ ፈለጋችሁ። ፖሊሶቹ ደረታቸው ላይ ያለው ካሜራ የቀረጸው እንዲሰጠን ደጋግማችሁ ጠየቃችሁ። በ2020 ወጣቱ የፖሊስን ግፍ ተቃውሞ አደባባይ ወጥቶ ሲጮኽ የወጣው የኮሎራዶ ሕግ ፖሊስ ካሜራ እንዲይዝ ያስገድዳል። አቤቱታ ሲቀርብም ቪዲዮው በመሠረቱ በ21 ቀን መውጣት አለበት። የእኛ ዘገየ፣ ግን ወጣ። ልጄን ነጻ ያወጣው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በዚያው ዓመት በጁን ወር በ2019 በአውሮራ ፖሊስ ተይዞ ለሞተው ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት ለኢላይጃ መክሌን መታሰቢያ ቫዮሊን ይዛችሁ አውሮራ ውስጥ ተሰብስባችሁ ነበር። ኢላይጃ 23 ዓመቱ ነበር። ከሱቅ ሻይ ገዝቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው ፖሊሶች የያዙት። አንገቱን አነቁት፣ ከዚያ ኬታሚን የሚባል ኃይለኛ ማደንዘዣ ተወጋ፣ ከቀናት በኋላ አረፈ። እሱም የእናት ልጅ ነው። እኔ ግን ያን ቀን በሬን ቆልፌ የ12 ዓመት ልጄን «አርፈህ ተቀመጥ፣ ይሄ የእነሱ ጉዳይ ነው» አልኩት። ይቅርታ አድርጉልኝ። የመንገድ ላይ ፖሊስ «የሀበሻ ልጅ ነህ ወይስ የእዚሁ አገር?» ብሎ አይጠይቅም።

በየቀጠሮው ፍርድ ቤት የፊት ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁት ጥቁር አሜሪካዊ እናቶች ምን ልበል? ቋንቋዬ ሲያጥረኝ እጄን ይዛችሁኛል። አንዷ እናት በቀጠሮው ዋዜማ ማታ ደውለው «ልጃችን በልቷል?» ይሉኝ ነበር። «ልጃችን» ነው ያሉት።

የእድራችን ሰዎች፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስላስተረጎማችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እሑድ ከሰዓት ቡናው እኛ ቤት ነው፣ ሁላችሁም ኑ። ወጣቶቹ መብታቸውን ወደሚማሩበት የቅዳሜ ስብሰባችሁም ከእንግዲህ ልጄን የማደርሰው ራሴ ነኝ።