«ቲቸር፣ መጽሐፎቹ መቼ ይመጣሉ?» የኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መስከረም ላይ 31 ተማሪ ለክበባችን ተመዘገበ። እንዲህ ያለ ቁጥር አይቼ ስለማላውቅ ደስ አለኝ። ማስታወቂያው ላይ «ዘንድሮ የላይብረሪ ምሳሌዎችን እንገነባለን፣ እንፈትሻለን» ብዬ ጽፌ ነበር። የመጀመሪያው ረቡዕ ላይ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ መጽሐፎቹ መቼ ይመጣሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለካ ግማሾቹ ቤተ መጻሕፍት የምናደራጅ መስሏቸው ነው የመጡት። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊም መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ሥራዬን ልትቀማኝ ነው አሉ» ብለው ሳቁብኝ። በሳምንቱ 14 ቀረን። መጽሐፍ የጠየቀችው ልጅ ግን አልሄደችም፤ ስለ እሷ እመለስበታለሁ።

ላይብረሪ ያልነው ሌላ ሰው ጽፎ ያስቀመጠውንና እኛ ፕሮግራማችን ውስጥ እየጠራን የምንጠቀምበትን ኮድ ነው። ምሳሌ ደግሞ አብሮት የሚመጣ፣ «እኔን እንዲህ ተጠቀሙብኝ» የሚል ትንሽ ፕሮግራም ነው። የመረጥነው ዚሊብን ነው፤ ዳታ ጨምቆ የሚያሳንስ፣ ዣን ሉ ጋዪ እና ማርክ አድለር የጻፉት፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ። ስልካችን ላይ ያለ የፒኤንጂ ምስል ሁሉ በዚሁ ዓይነት ዘዴ የተጨመቀ ነው። በሲ ቋንቋ ነው የተጻፈው፣ ትንሽ ነው፣ ሌላ ነገር አምጡ አይልም። ኔት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም። እኔ ጋ ከነበረ አሮጌ ፍላሽ ላይ 1.2.11 የሚባለውን ሶርስ ኮድ (ሰው የጻፈውን ምንጭ) ገለበጥንና ጀመርን።

መገንቢያው ሲሜክ ነው። ሲሜክ ራሱ ኮምፓይል አያደርግም፣ ማለትም ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም አይለውጥም። አንድ ፋይል ያነብና ግንባታውን ለሚመሩት፣ ዊንዶውስ ላይ ለቪዥዋል ስቱዲዮ፣ ሊኑክስ ላይ ለሜክ ወይም ለኒንጃ የሚሆናቸውን የሥራ ዝርዝር ይጽፍላቸዋል። እንደ ድግስ አስተባባሪ በሉት፤ ወጡን አይሠራም፣ ግን ማን ሽንኩርት እንደሚልጥ ማን እሳት እንደሚያነድ የሚያውቀው እሱ ነው። ኪትዌር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ለሕክምና ምስል ሶፍትዌር ሲል ነበር፣ ገንዘቡን የሰጠው ደግሞ ማን መሰላችሁ፦ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት። ይህን ለኃላፊያችን ነግሬያቸው «አላልኩህም!» አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልግባ።

ኅዳር ነው። የኮምፒውተር ላብራቶሪያችን (ላባችን) ውስጥ ከሚሠሩት 9 ኮምፒውተሮች ሁለቱ በጣም አሮጌ ናቸው፣ ዊንዶውስና ኒንጃ ጭነንባቸዋል። ሌሎቹ ላይ በአፍታ ያለቀው ሥራ እነሱ ላይ አላልቅ አለ። ሲሜክ ይነሳል፣ ይጨርሳል፣ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይጨርሳል፣ ጽሑፉ እስክሪኑ ላይ እንደ ጢስ ዓባይ ይወርዳል፣ በመጨረሻ ኒንጃ «መቶ ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ ፋይሉ አሁንም ቆሻሻ ነው» ብሎ ያቆማል። «ቆሻሻ» የሚለውን ያነበበ አንድ ልጅ ኬዙን ከፍቶ አቧራውን ጠረገው። ሌላው ቫይረስ ነው አለ። እኔ ደግሞ፣ ሳላፍር ልናገርና፣ ሲሜክን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩት። ሦስት ረቡዕ እንዲሁ አለቀ።

ያገኘው ኮድ መጻፍ ብዙም የማይወድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የእስክሪኑን ጥግ አየና «ቲቸር፣ ይሄ ኮምፒውተር 2009 ነው የሚለው። በሐበሻ አቆጣጠር ነው እንዴ የሚሠራው? እንደዚያም ቢሆን 8 ዓመት ይቀረዋል» አለ። ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒንጃ ምን እንደገና መሠራት እንዳለበት የሚያውቀው የፋይሎችን ሰዓት አስተያይቶ ነው። ምንጩ ከውጤቱ ካለፈ፣ ውጤቱ አርጅቷል፣ እንደገና ይሠራ ይላል፤ «ቆሻሻ» ያለውም ይህንኑ ነው። የእኛ ሶርስ ኮድ እ.ኤ.አ. የ2017 ቀን ይዞ መጥቷል። ኮምፒውተሩ ግን 2009 ላይ ተቀምጧል፣ ስለዚህ አሁን በዚህች ደቂቃ የጻፈው የሥራ ዝርዝር ከምንጩ 8 ዓመት ያረጀ ሆኖ ይወለዳል። መቶ ጊዜ ቢጽፈውም ያው ነው። ሰዓቱ የተበላሸው ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም መሳይ ባትሪ ሞታ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ተወለደበት ዓመት ይመለሳል። መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ለባሕር ዳር ሰው አልነግርም። ልጆቹ ገበያ አጠገብ ካለ ሰዓት ሠሪ ሁለት ባትሪ ገዙ። ሲአር 2032 በሏቸው፣ ቁጥሩ ላዩ ላይ ተጽፏል። አንዷን አስገባን፣ ቀኑን አስተካከልን፣ በመጀመሪያው ሙከራ አለቀ። ሁለተኛዋ ባትሪ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ናት፣ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ።

ከዚያ ወዲህ ክበቡ ውስጥ «እኔ ጋ ሠርቷል» ማለት ክልክል ሆነ። ሦስት ኮምፒውተር ላይ ሳይፈተሽ አልሠራም።

ጥር ላይ መጽሐፍ ጠያቂዋ ልጅ ተራዋን አገኘች። የዚሊብ ምሳሌ የሚጨምቀው «ሄሎ፣ ሄሎ!» የሚል የእንግሊዝኛ ሰላምታ ነው። ጸሐፊዎቹ ኮዱ ውስጥ «ሄሎ ወርልድ» የተለመደ ቢሆንም ሄሎ ሲደጋገም መጭመቂያውን የበለጠ ይፈትነዋል ብለው ይቅርታ ዓይነት ጽፈዋል። እሷ ሰላምታውን «ሰላም፣ ሰላም!» ብላ ቀየረችው። የመጀመሪያው ክፍል አለፈ፣ ቀጥሎ ያለው ወደቀ። የወደቀበትን ለማወቅ ሁለት ረቡዕ ፈጀባት፣ እኔም ሆን ብዬ አልነገርኳትም (እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ እኔም አላወቅኩም)። ምሳሌው ፋይል ሲጽፍ ሰላምታውን እሷ ከቀየረችው ቦታ አይወስድም። ራሱ በቁርጥራጭ፣ መጀመሪያ አንድ ፊደል፣ ቀጥሎ የቀረውን፣ እንግሊዝኛውን ይጽፋል። መልሶ ሲያነብ ግን ርዝመቱን ከእሷ ሰላምታ ጋር ያመሳክራል። የእንግሊዝኛው፣ ሲ ጽሑፍ ማለቁን ከሚያውቅበት የመዝጊያ ዜሮ ጋር፣ 14 ባይት (ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚለካበት ትንሽ ክፍል) ነው። የእሷ ነጠላ ሰረዙን፣ ክፍት ቦታውንና ቃለ አጋኖውን ጨምሮ 9 ምልክት ቢሆንም በባይት 23፣ ከዜሮው ጋር 24 ነው፤ የኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ይበላል። 14 ከ24 ጋር አልገጠመም፣ ወደቀ።

መፍትሔዋን ወደድኩላት። የሰዎቹን ምሳሌ እንደነበረ መለሰችና የራሷን አዲስ ምሳሌ ጻፈች፣ ሲሜክ ፋይሉ ላይ ሦስት መስመር ጨመረች፣ አንዱ ፕሮግራሙን የሚገነባ፣ አንዱ ከዚሊብ ጋር የሚያገናኝ፣ አንዱ ለፈታሹ ለሲቴስት የሚያስመዘግብ። ዊንዶውስ ላይ ስናስኬደው ጥቁሩ መስኮት ሰላም በማለት ፈንታ የማናውቃቸውን ምልክቶች ዘረገፈ። ፈተናው ግን አለፈ፤ የሚያስተያየው ባይቱን እንጂ መልኩን አይደለም።

ሌሎቹን ችግሮች ባጭሩ፦ የተገነባውን ፎልደር በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መገልበጥ አይሠራም፣ ሲሜክ የተወለደበትን አድራሻ ያስታውሳልና ይጮሃል። ፎልደሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ቪዥዋል ስቱዲዮ ላይ ደግሞ ሲቴስትን የትኛውን ግንባታ፣ ዲበግ (ስህተት መፈለጊያው) ወይስ ሪሊዝ (ለተጠቃሚ የሚሰጠው)፣ ብላችሁ ካልነገራችሁት ፈተናውን ሳያስኬድ «አልተካሄደም» ይላችኋል። ሊኑክስ ላይ ከራሱ ከዚሊብ የመጡት ፈተናዎች 2፣ ቪዥዋል ስቱዲዮ ላይ 1 የሆኑትም ጠፍቶብን አይደለም፤ ሁለተኛው የሚገነባው ለትልልቅ ፋይሎች የሚሆነው ባለ 64 ቢት ዓይነት ኮምፓይለሩ ላይ ሲገኝ ብቻ ነው።

መጋቢት ላይ ከቱሪዝም ክበብ ጋር ልንጣላ ነበር። ስለ ክብራን ገብርኤል፣ ስለ ዳጋ እስጢፋኖስና ስለ ሌሎች የጣና ገዳማት ያዘጋጁትን ረጅም ጽሑፍ በፍላሽ ሰጡን፣ ሚኒጂዚፕ በሚባለው ሌላ ምሳሌ ጨመቅነው፣ ከግማሽ በታች ወረደ። ብዙዎቻችን ያልገመትነው ነበር፣ ግን ምክንያት አለው። ከእያንዳንዱ የኛ ፊደል 3 ባይት የመጀመሪያው ሁልጊዜ 225 ነው፣ ሁለተኛውም ከስድስት ቁጥሮች አንዱ ብቻ ነው፣ ለጨማቂ ከዚህ በላይ ምን ይመቻል። እያጨበጨብን ሳለ ዋናው ጽሑፍ ከፍላሹ ላይ የለም። ሚኒጂዚፕ ጨምቆ ሲጨርስ ኦሪጅናሉን ይሰርዛል! ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። የቱሪዝም ክበብ ሰብሳቢዋ ፊት ላይ ያየሁትን እዚህ አልጽፍም። ፈትተን መለስነው፣ አንድም ፊደል አልጎደለም፣ ከዚያ ልጆቹ «ጨምቀህ ስትፈታው ያው መሆን አለበት» የሚል ፈተና ጨመሩ። ምርጡ ፈተናችን ከዚያ ድንጋጤ የተወለደው ነው።

ግንቦት ላይ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ላፕቶፑ ላይ መጋቢት የወጣውን ሲሜክ 4.0 ጭኖ መጣና ዓመቱን ሙሉ የሠራው ነገር እምቢ አለው። የእኛ ዚሊብ ፋይሉ አናት ላይ «ቢያንስ ሲሜክ 2.4.4» ይላል፣ አዲሱ ደግሞ ከ3.5 በታች የሚለውን አላውቅም ይላል። መልእክቱ ራሱ መውጫውን ይነግራል፤ ዝቅተኛው 3.5 እንደሆነ ቁጠረው ብሎ በትእዛዙ ላይ መጨመር ነው። ልጁ እስከ መጨረሻው ሳያነብ ነው ወደ እኔ የሮጠው። እስከ መጨረሻው አስነበብኩት።

ወደ ባትሪዋ ልመለስ። ሁለተኛውን አሮጌ ኮምፒውተር ልጠግን ስነሳ ልጆቹ ከለከሉኝ። ሰዓቱ የተዛባ ኮምፒውተር አንድ መኖር አለበት፣ አለበለዚያ በምን እንፈትሻለን አሉ፣ እጅ አወጡ፣ 11 ለ3 ተሸነፍኩ። አሁን ላቡ ጥግ ላይ 2009 ላይ ቆሞ ይገኛል። «ሰዓቱን አታስተካክሉ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።