አይሪስን ከዘር ማብቀል ይቻላል

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

አይሪስ የተባለው አበባ የሚራባው ግንደ ሥሩ (አፈር ውስጥ የሚተኛው ወፍራም ግንዱ) ተከፍሎ ብቻ ነው የሚለው፣ በእኛ በጎንደር አበባ ወዳዶች ዘንድ የቆየ አስተያየት መታረም ስለሚገባው ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። በመክፈል የሚገኘው ያው የእናቲቱ ግልባጭ ነው፤ አዲስ ቀለም የሚወለደው ከዘር ነው።

ማዳቀሉ ረቂቅ ጥበብ አይደለም። አበባው ማለዳ እንደ ፈነዳ ከሦስቱ ወንዴ ዘንጎች አንዱን በወረንጦ ነቅሎ፣ ብናኙን በሌላው አበባ የሴቴ ክንፎች ጫፍ ሥር ባለችው ቀጭን ከንፈር ላይ መቀባት፣ ከዚያም ንብ እንዳታርፍበት ወደ ታች የተንጠለጠሉትን የአበባ ቅጠሎች መቅጠፍ ይበቃል። ነገር ግን ሁሉም ከሁሉም ጋር አይዋለድም፤ ፓሊዳና ቫሪዬጋታ የሚባሉት የአይሪስ ዝርያዎች እያንዳንዳቸው 24 ክሮሞሶም (በሴል ውስጥ ያለ የውርስ ተሸካሚ) ስላላቸው በቀላሉ ሲዳቀሉ፣ ከሁለቱ አንዱን 48 ክሮሞሶም ካለው ከዘመኑ ረጅም ባለጺም አይሪስ (በተንጠለጠሉት የአበባ ቅጠሎቹ ላይ ጺም መሰል ጠጉር ካለው) ጋር ብናዳቅል የሚገኘው ችግኝ አብዛኛውን ጊዜ እንደ በቅሎ መካን ይሆናል።

እኔ መጀመሪያ ዘሩን እንደ ጎመን ዘር በቀጥታ መደብ ላይ ዘርቼ፣ ክረምቱን ሙሉ ብጠብቅ አንዲትም አልበቀለችም። ዘሩ ረዘም ያለ እርጥብ ብርድ ይሻል፤ የጎንደር የታኅሣሥ ሌሊት ቢቀዘቅዝም ቀኑ መልሶ ያሞቀዋል። በቀጣዩ ዓመት ከእርጥብ አሸዋ ጋር በፌስታል ቋጥሬ ለ3 ወር ያህል ፍሪጅ ውስጥ ከንጥር ቅቤው ጎን አስቀመጥኩት (ባለቤቴ እስካሁን ታነሣብኛለች)፤ ግማሽ ያህሉ በቀለ። አበባ ለማየት ከ2 እስከ 3 ዓመት መታገሥ ያስፈልጋል።

ችግኝ ሻጮችም የዝርያውን ስም ይጻፉልን፤ «ነጭ አይሪስ» ተብሎ የተሸጠልኝ ግላዲዮለስ የተባለ ሌላ አበባ ሆኖ ተገኝቷል።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር